«አንቲጎኔ» ላይ መላው ጠፍቶኛል፤ ትራጄዲው የማን ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። የቴአትር ተማሪ ነኝ። ስለ ጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክለስ «አንቲጎኔ» የምጽፈው ወረቀት አንድ ቦታ ላይ ቆሞብኛል።

ርዕሱ የእሷ ነው። ግን በሕይወቷ እንድትዘጋበት ወደ ተፈረደባት ዋሻ ከተወሰደች በኋላ መድረክ ላይ አትመለስም። መሞቷን የምንሰማው ከመልእክተኛው አፍ ነው። እስከ መጨረሻው ቆሞ የሚንገበገበው የፈረደባት ንጉሥ፣ አጎቷ ክሬዎን ነው፤ ልጁም ሚስቱም ራሳቸውን አጥፍተውበት።

አርስቶትል ባለታሪኩን የሚጥለው ክፋት ሳይሆን ስህተት ነው ይላል። ታዲያ የክሬዎን ስህተት የቱ ነው? የወንድሟ የፖሊኔይከስ ሬሳ እንዳይቀበር የከለከለበት አዋጅ? ወይስ ዓይነ ስውሩን ነቢይ ቲሬሲያስን በጉቦ መጠርጠሩ? እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። የኮረሱ (በመድረኩ ላይ በኅብረት የሚናገረውና የሚዘምረው ቡድን) ሽማግሌዎች ሲመክሩት የሚያስቀድሙት ልጅቷን ነው፤ ከዋሻው አውጣት፣ ለሬሳውም መቃብር ሥራለት ይሉታል። እሱ ተገልብጦ ከፖሊኔይከስ ሬሳ ይጀምራል። ሬሳው ታጥቦ፣ ተቃጥሎ፣ አፈር ተከምሮበት ዋሻው ጋ ሲደርሱ አንቲጎኔ ራሷን ሰቅላለች። ይሄ ስህተት ነው፣ ወይስ ሙታንን ማስቀደሙ ልክ ነበር?

ትራጄዲው የአንቲጎኔ ነው ወይስ የክሬዎን ለሚለው አማካሪዬ «አንዱን ምረጪ» ብሎኛል። ሁለቱንም ይዤ ብሄድ ያስኬዳል? ያነበባችሁት ካላችሁ እባካችሁ ከራሱ ከተውኔቱ እየጠቀሳችሁ አስረዱኝ። የታሪኩ ማጠቃለያ እንኳ ይቅርብኝ፣ እሱን ጠግቤያለሁ።