የቤት ብድርና ዘር፦ ጀማሪ ጋዜጠኞችን በምን ዳታ ላሠልጥን?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለምናሰማው የአማርኛ ሬዲዮ ጥቂት ጀማሪ ጋዜጠኞች አሉን። "ሞርጌጅ ዲናይ የተደረግኩት ጥቁር ስለሆንኩ ነው" የሚል አድማጭ አይጠፋም። ነገሩን በዳታ እንዲመረምሩት ላሠለጥናቸው ፈልጌ ነበር። ከኤክሴል ሌላ አያውቁም። ከየት ልጀምር?

ራሔል፦
ዳታው በነፃ ይገኛል። በ1975 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት አብዛኞቹ አበዳሪዎች የቤት ብድር ማመልከቻዎችን ለመንግሥት ያሳውቃሉ። የአመልካቹ ዘርና ገቢ፣ ውሳኔው፣ የተከለከለበት ምክንያት ሁሉ አለበት። የአመልካቹ ስም ግን የለበትም። ዳታውን "ሃምዳ" ይሉታል። የአገሩን በሙሉ እንዳታወርደው፣ ኤክሴል አይችለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበትን ሞንትጎመሪ ካውንቲን በኮዱ፣ በ24031 ምረጥ። ለጅምር የአንድ ዓመት ይበቃል።

ዳዊት፦
ጣጣው ስሌቱ ላይ ነው። በውሳኔው ዓምድ 1 ብድሩ ተሰጠ፣ 2 ተፈቅዶ አመልካቹ ተወው፣ 3 ተከለከለ ማለት ነው። የክልከላውን መጠን ለማግኘት 3 የተባሉትን ማመልከቻዎች ብዛት ለሦስቱ ድምር አካፍሉት። 6 ከሌላ አበዳሪ የተገዛ ብድር ነው፤ እሱን ከደመራችሁ ክልከላው ያነሰ ይመስላል። ገቢው በሺህ ስለሚጻፍ 85 ማለት 85,000 ዶላር ነው። ዘሩ ያልተሞላውን ለብቻው አስቀምጡት እንጂ ነጭ ውስጥ እንዳትከቱት። በመጀመሪያው ቀን ፒቮት ቴብል (ኤክሴል ዳታውን በየምድቡ ቆጥሮ የሚያጠቃልልበትን ሰንጠረዥ) አትክፈትላቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር መርጦ ጮክ ብሎ ያንብብ፦ "ጥቁር አመልካች፣ ገቢ 110,000፣ ተከለከለ፣ ምክንያቱ ዕዳ።"

ጠያቂ፦
ሐበሻውን ለይቶ ያሳያል?

ራሔል፦
አያሳይም። የኛ ሰው የሚገባው "ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ" በሚለው ውስጥ ነው። "ሐበሻ ብድር ተነፈገ" የሚል ርዕስ ከዚህ ዳታ አይወጣም፣ ቢያጓጓም።

ጋሽ መኮንን፦
ልጄ፣ ባንኩ "ክሬዲት ስኮሩን (የብድር አከፋፈል ነጥቡን) አላያችሁም" ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ለሕዝብ በሚወጣው ውስጥ የለም። ስለዚህ ገቢያቸው የተቀራረበውን አነጻጽሩ። ከ2018 ወዲህ ዕዳው ከገቢው ጋር ሲመዛዘን ስንት እንደሆነም አለ። ጋዜጠኛው ቢል ዴድማን በ1988 አትላንታ ውስጥ ገቢያቸው ተመሳሳይ የሆነ የነጭና የጥቁር ሰፈሮችን ነበር ያስተያየው። ለነጮቹ ሰፈር አምስት እጥፍ ብድር እንደሚሰጥ አሳየና በ1989 ፑሊትዘር ተሸለመ። ያኔም ቢሆን ቁጥሩ ልዩነቱን እንጂ የአንድን ባንክ ሐሳብ አያሳይም። ዘገባው ከመተላለፉ በፊት ለባንኩ ከነስሌቱ ላኩለት፣ መልስ ይስጥበት። ተከለከልኩ የሚለውን አድማጭ ደግሞ የክልከላውን ደብዳቤ አምጣ በሉት፤ ምክንያቱ እዚያ ላይ ይገኛል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ደብዳቤ ያላቸው እንዲደውሉልን ዛሬ ማታ በሬዲዮ እናገራለሁ።

ዳዊት፦
ስልኩን አየር ላይ አታስገባው። ሰው ደንግጦ የባንኩንም የራሱንም ስም ይዘረግፈዋል። መጀመሪያ በውስጥ መስመር አናግሩት።