ክርክር፦ አዳሪ ተማሪ በቤት ተከፍሎ በነጥብ ይወዳደር ወይ?

ጠያቂው፦ እዚሁ ወሎ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በአራት ቤት ከፍሎ ባቲ፣ አምባሰል፣ ትዝታ፣ አንቺ ሆዬ ብሏቸዋል። ስሙስ አንጀት ያርሳል። የፈተና ውጤትና የዶርም ጽዳት ነጥብ ያስገኛል፣ ማርፈድ ያስቀንሳል። የሚቀነሰው ግን ከቤቱ ነው። እኔ እቃወማለሁ። አንዱ ስታዲ ላይ ቢያንቀላፋ የቤቱ ልጅ ሁሉ ለምን ይቀጣል? ያ ልጅ ማታ ዶርም ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው አዳሪ የነበረ ያውቀዋል።

አዳሪ የነበረ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አታክርረው። እኛ ጊዜ ቤት የሚባል አልነበረም፤ የቃሉ ልጅ ከቃሉ፣ የላስታው ከላስታ ጋር ተቧድኖ ነበር ካፌ የሚቀመጠው። አሁን በዕጣ ተደባልቀው የወረኢሉ ልጅ ለባቲ ቤት ድምፁ እስኪዘጋ ሲጮህ ማየት በዚህ ዘመን ቀላል ነገር ነው?

እናት፦ ልጄ አሞት ክሊኒክ አልሄድም አለ፣ ቤታችን ነጥብ ይቀነስበታል ብሎ። መምህራን ካላችሁ በሞቴ መልሱልኝ፣ ሕመምም ያስቀንሳል?

መምህር፦ የለም እህቴ፣ ያ ጥፋት ነው። ነገሩ የመጣው ከእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። እዚያ ቤት ማለት ልጆቹ የሚያድሩበት ራሱ ነበር፣ የእያንዳንዱን ጠባይ የሚያውቅ ኃላፊ መምህርም ነበረው። እኛ ነጥቡን አምጥተን ሰውዬውን እዚያው ተውነው። ውድድሩን ግን አልጠላም። በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጎበዙ ለቤቱ ብሎ ደካማውን ካስጠና ምን ክፋት አለው?

ጠያቂው፦ መምህር፣ አንድ ለአምስትም ሲመጣ እንዲሁ ተብሎ ነበር እኮ። ጎበዙ ሠራ፣ የቀሩት ገለበጡ። ማትሪክ ላይ ደግሞ ሁሉም ለብቻው ነው የሚቀመጠው።

አዳሪ የነበረ፦ እሺ፣ ሲጨመር ለቤቱ ይጨመር፣ ሲቀነስ ከልጁ ብቻ ይቀነስ። ተስማማን?

እናት፦ በዚህ እስማማለሁ።

ጠያቂው፦ እኔ ገና ነኝ። ነጥብ ሰጪዎቹ መምህራንም እኮ በቤት ተመድበዋል። አምና ዋንጫውን የወሰደው የዩኒት ሊደሩ ቤት ነው አሉ። መምህር፣ ይቺን እንዴት ያዩዋታል?