የፒትስበርግ ስቲለርስ ቃላት በአማርኛ፦ «ስቲል ከርተን»፣ «ኢማኪዩሌት ሪሴፕሽን»፣ «ቴሪብል ታወል» እና ሌሎችም

ነቁጥ፦
ሰላም ለቤቱ። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የሆነውን የፒትስበርግ ስቲለርስን ታሪክ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የሚያስቸግሩ ቃላት ብዙ ናቸው። ከስሙ እንጀምር። «ብረቶቹ» ነው፣ «ብረት ቀጥቃጮቹ» ነው ወይስ ሌላ? ከዚያ «ስቲል ከርተን»ን፣ «ኢማኪዩሌት ሪሴፕሽን»ን እና «ቴሪብል ታወል»ን ብታፍታቱልን። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንያዝ።

ሥርወ ቃል፦
«ብረቶቹ» አይሆንም፤ ስሙ የሠራተኛ እንጂ የዕቃ ስም አይደለም። በጆሮ ብቻ የሰማ ሰው ደግሞ «ሌቦቹ» ሊለው ይችላል፤ በእንግሊዝኛ «የሚሰርቅ» እና «ስቲል የሚሠራ» በአጻጻፍ እንጂ በድምፅ አይለያዩም።

«ቀጥቃጭ» ውብ ቃል ነው፤ ግን ሲባል የሚታየን ወናፍና መዶሻ ይዞ ማረሻና ማጭድ የሚያበጅ ባለሙያ ነው። የፒትስበርጉ ሰው በግዙፍ ምድጃ ማዕድን አቅልጦ አረብ ብረት የሚያወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ፍቺው «አረብ ብረት ሠሪዎች» ነው። «ብረት» ብለን አሳጥረን ካለፍነው ቀጥሎ የሚመጣው የ«ከርተን» ቃል ጨዋታ ይጠፋብናል።

ስሙ ከመጀመሪያው አልነበረም። አርት ሩኒ ቡድኑን በ1933 ሲመሠርቱ ለሊጉ የከፈሉት 2,500 ዶላር ነበር። ያን ዓመት የተመረጠው በምክንያት ነው፤ በፔንሲልቬንያ እሑድ ዕለት ስፖርት መጫወትን ይከለክል የነበረው ሕግ የላላው ያኔ ነው። የመጀመሪያ ስሙን ከከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ወስዶ «ፓይሬትስ» ይባል ነበር፤ የባሕር ወንበዴዎች ማለት ነው። «ስቲለርስ» የሆነው በ1940 ነው። የ1930ዎቹን ታሪክ የሚተረጉም ሰው «ፒትስበርግ ፓይሬትስ» የሚል ሲያጋጥመው የትኛው ስፖርት እንደሆነ ሳያጣራ አይለፍ።

ሜዳ ዳር፦
አርማው ላይ ልጨምር። በክቡ ውስጥ ያሉት ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ኮከቦች የአሜሪካ የአረብ ብረት ኢንዱስትሪ ምልክት ነበሩ፤ ቡድኑ በ1962 ወሰዳቸው። ቢጫው ድንጋይ ከሰል፣ ብርቱካናማው (በቡድኑ አርማ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል) የብረት ማዕድን፣ ሰማያዊው ደግሞ ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ቆራሊዮ እየዞረ የሚሰበስበው ዓይነት። ሦስቱ አንድ ላይ የሥራው ጥሬ ዕቃዎች ናቸው። በክቡ ላይ መጀመሪያ የነበረው ጽሑፍ «ስቲል» ብቻ ነበር፤ «ስቲለርስ» የተባለው በኋላ ተፈቅዶ ነው። አርማው በሄልሜቱ በስተቀኝ ብቻ ይለጠፋል፤ ግራው ባዶ ነው። ፎቶ ከግራ በኩል ተነሥቶ አርማው ባይታይ የሌላ ቡድን እንዳይመስላችሁ።

ነቁጥ፦
እናመሰግናለን። «ስቲል ከርተን»ስ? «የብረት መጋረጃ» ቢባል ምን ያንሰዋል?

ሥርወ ቃል፦
ዋናው ችግር እዚህ ነው። «የብረት መጋረጃ» በአማርኛ ባለቤት ያለው ሐረግ ነው፤ ቸርችል በ1946 ከተናገሩት በኋላ ምሥራቅና ምዕራብ አውሮፓን የለየው የፖለቲካ ወሰን መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። የፒትስበርጉ ስም የተፈጠረው በዚያው ሐረግ ላይ «አይረን» የሚለውን በ«ስቲል» በመተካት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ ለተከላካዮቹ ስም እንዲወጣላቸው ባዘጋጀው ውድድር ያሸነፈው የአንድ ተማሪ ሐሳብ ነበር። ጨዋታው ያለው በቃሉ ለውጥ ላይ ስለሆነ «የአረብ ብረት መጋረጃ» ብሎ መተርጎም ግድ ይላል። ቃሉ ረዘመ የሚል ካለ «ስቲል ከርተን» ብሎ አንድ ጊዜ ፈትቶ ይቀጥል። «የብረት መጋረጃ» ግን አንባቢን በርሊን ያደርሰዋል።

ሜዳ ዳር፦
ስሙ መጀመሪያ የተሰጠው ለአራት ሰዎች ነው፤ ጆ ግሪን፣ ኤል ሲ ግሪንውድ፣ ኧርኒ ሆምስ እና ድዋይት ዋይት። አራቱ የተከላካዩ የፊት መስመር ናቸው። ኋላ ግን መላው የተከላካይ ክፍል በዚሁ ስም ተጠራ፤ ከጀርባቸው ያሉት ጃክ ላምበርት፣ ጃክ ሃም እና ሜል ብላውንት ጭምር። ስለዚህ ጽሑፉ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ከአገባቡ ይታያል። «አራቱ» ካለ የፊት መስመሩ ነው።

የስሙን ክብደት ለማየት 1976ን መመልከት ይበቃል። ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 5 ጨዋታዎች አንዱን ብቻ አሸነፈ። የቀሩትን 9 በሙሉ አሸነፈ፤ በ9ኙ ውስጥ ባላጋራዎቹ ያስቆጠሩበት ነጥብ በድምሩ 28 ነው፣ በ5ቱ ደግሞ ባላጋራው አንድም ነጥብ አላገኘም። በዚህ ስፖርት አንድ ቡድን በአንድ ቀን ብቻ 28 ነጥብ ማግኘቱ ብርቅ አይደለም። የሚገርመው፣ ያን ዓመት ዋንጫውን አልወሰዱም። የወሰዷቸው የ1974፣ የ1975፣ የ1978 እና የ1979 የውድድር ዘመን ዋንጫዎች ናቸው፤ በኋላም የ2005 እና የ2008። የዋንጫው ፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦል የሚካሄደው በሚቀጥለው ዓመት ጥር ወይም የካቲት ላይ ስለሆነ አንዱ ጽሑፍ 1974፣ ሌላው 1975 ሊል ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስትጽፉ «የ1974 የውድድር ዘመን» ብላችሁ ለዩት።

ሰዋስው፦
«ሚን ጆ ግሪን»ን «ክፉው ጆ» ብሎ የሚተረጉም ሊኖር ይችላል። ትክክል አይመስለኝም።

ሜዳ ዳር፦
አዎ፣ አይደለም። «ሚን ግሪን» በቴክሳስ የተማረበት የሰሜን ቴክሳስ ኮሌጅ ቡድን ስም ነው፤ አረንጓዴ መለያቸውን ተከትሎ የወጣ። የእሱ የአባት ስም ግሪን በመሆኑ ተለጠፈበት እንጂ ባሕርዩን ለመግለጽ አልወጣም። ፍቺ ካስፈለገ «ቁጡው» ይቀርባል። ስቲለርስ ግሪንን የመለመለው በ1969፣ አሰልጣኝ ቸክ ኖል ሥራ በጀመሩበት ዓመት ነው፤ ያን ዓመት 1 አሸንፈው 13 ተሸነፉ። 75 ቁጥር መለያው ዛሬ ለሌላ ተጫዋች አይሰጥም።

ሥርወ ቃል፦
«መለመለ» ማለትህ ደስ ይላል፤ «ድራፍት» የሚለውን እንዳለ መተው አደጋ አለው። አዲስ አበባ ላይ «ድራፍት» ሲባል የሚመጣው የቢራ ብርጭቆ ነው። «ምልመላ» ደግሞ ሁለቱንም የእንግሊዝኛ ትርጉም ይሸከማል፤ ለተጫዋችም ለወታደርም ይሆናል። በዚህ ቡድን ታሪክ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለተጫዋች፦ በ1974 ምልመላ ሊን ስዋን፣ ጃክ ላምበርት፣ ጆን ስታልወርዝ እና ማይክ ዌብስተር በአንድ ዓመት ተገኙ፤ አራቱም የስፖርቱ ታላላቆች የሚከበሩበት ዝና አዳራሽ ገብተዋል። ለወታደር፦ የ1943ቱ «ስቲግልስ»።

ነቁጥ፦
«ስቲግልስ» ምንድን ነው?

ሥርወ ቃል፦
«ስቲለርስ» እና «ኢግልስ» ተጣብቀው የተሠራ ቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጫዋቾች ለጦሩ ስለተመለመሉ ፒትስበርግና ፊላደልፊያ ለአንድ የውድድር ዘመን ተዋሃዱ፤ 5 አሸንፈው፣ 4 ተሸንፈው፣ 1 አቻ ወጡ። ስሙ የጋዜጣና የሕዝብ እንጂ የመዝገብ ስም አይደለም። በ1944 ከቺካጎ ካርዲናልስ ጋር ተጣምረው «ካርድ ፒት» ተባሉ፤ 10 ጨዋታ ተጫውተው 10ሩንም ተሸነፉ። ሰው ስሙን አፍጥኖ «ካርፔትስ» አደረገው፤ ሁሉም ይረግጣቸዋል ለማለት። ይህ በአማርኛ ያለ ችግር ይገባል፤ «ምንጣፎቹ» ማለት ይበቃል።

ነቁጥ፦
ወደ ከባዱ እንምጣ። «ኢማኪዩሌት ሪሴፕሽን»።

ሜዳ ዳር፦
መጀመሪያ ድርጊቱን እንያዝ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1972፣ ፒትስበርግ፣ ተጋጣሚው ኦክላንድ ሬደርስ፣ ውጤቱ 7 ለ 6 ለሬደርስ። የቀረው 22 ሰከንድ ነው። ፒትስበርግ የመጨረሻውን፣ አራተኛውን ሙከራ ይዟል፤ 10 ያርድ ካልሄደ ኳሱን ያስረክባል። የፒትስበርጉ ቴሪ ብራድሾ ወደ ቡድን ጓደኛው ጆን ፉኳ ወረወረ። ኳሱ ሊደርስ ሲል የሬደርሱ ጃክ ታተም ፉኳን በኃይል ገጨው፤ ኳሱ ነጥሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። የፒትስበርጉ ፍራንኮ ሃሪስ ወደ ኳሱ እየሮጠ መጥቶ ከጫማው ጫፍ ላይ፣ መሬት ሊነካ ሲል ያዘውና በግራ መስመር ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ። 13 ለ 7 አለቀ። በቡድኑ ታሪክ የመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ድል ነው።

ክርክሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ኳሱ መሬት ነክቷል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው የደንብ ጥያቄ ነው። በወቅቱ ደንብ ኳሱን መጀመሪያ የነካው አጥቂው ፉኳ ብቻ ከሆነ ሌላ አጥቂ ሊይዘው አይችልም። ተከላካዩ ታተም ከነካው ግን ይቻላል። ዳኞቹ ተመካክረው አጸደቁት። ደንቡ በ1978 ተሽሯል፤ ስለዚህ የዛሬውን ደንብ ይዞ የሚያነብ ሰው ክርክሩ ለምን እንደተነሣ አይገባውም።

ሥርወ ቃል፦
ስሙ «ኢማኪዩሌት ኮንሴፕሽን» በሚለው የካቶሊክ ትምህርት ላይ የተሠራ ነው። በእንግሊዝኛ የተለወጠው የሁለተኛው ቃል መነሻ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው፣ ትምህርቱ የጌታን ከድንግል መወለድ የሚናገር ሳይሆን እመቤታችን ራሷ በእናቷ ማኅፀን ያለ አዳም ኃጢአት ተፀነሰች የሚል መሆኑን ነው። ስለዚህ «ድንግላዊ ልደት» የሚል ትርጉም ከሥሩ ስሕተት ነው።

በአማርኛ «ፅንሰት»ን ወደ ኳስ መያዝ የሚያዞር ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል የለንም፤ ጨዋታው አይተረጎምም። ትርጉሙ ግን ይተረጎማል፤ «እንከን የለሹ ቅለባ»። «አቀባበል» አትበሉት፤ እንግዳ የሚስተናገድ ይመስላል። «ቀለበ» ነው ቃሉ፤ የተወረወረን ነገር ከአየር ላይ መያዝ። መሬት የነካውን ግን አነሣ ወይም ለቀመ እንላለን እንጂ ቀለበ አንልም። እንግዲህ «ቅለባ» ስንል ለፒትስበርግ ፈርደናል። የሬደርስን ወገን አስተያየት የሚተረጉም ሰው እዚህ ላይ «ያዘ» የሚለውን ቢጠቀም ሚዛኑን ይጠብቃል።

ሰዋስው፦
«ሄይል ሜሪ» ከሚባለው ጋር አንድ ነው?

ሜዳ ዳር፦
አይደለም። «ሄይል ሜሪ» የአጣጣል ዓይነት ነው፤ ሰዓት ሲያልቅ በተስፋ የሚወረወር ረጅም ኳስ፣ ማንኛውም ቡድን የሚሞክረው። «ኢማኪዩሌት ሪሴፕሽን» ግን የአንድ ቀን ድርጊት የተጸውዖ ስም ነው፤ ሌላ የለውም። ብራድሾም ያን ቀን የወረወረው በተስፋ ሳይሆን ለታወቀ ሰው ነው። ፍራንኮ ሃሪስ 50ኛው ዓመት ሊከበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በታኅሣሥ 2022 አረፈ፤ 32 ቁጥሩ በዚያው ሳምንት በክብር ከአገልግሎት ወጣ።

ነቁጥ፦
«ቴሪብል ታወል»?

ሰዋስው፦
ወርቃማ ቢጫ ፎጣ ነው፤ የቡድኑ የሬዲዮ ተንታኝ ማይረን ኮፕ በ1975 ደጋፊው ይዞት እንዲመጣ የጠየቀው። «ቴሪብል» ዛሬ በንግግር «መጥፎ» ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን «አስፈሪ» ነው፤ ተጋጣሚን የሚያስፈራ። ግሡ ላይ ተጠንቀቁ። ደጋፊው ከራሱ በላይ ያሽከረክረዋል፤ «ፎጣ ወረወረ» ካላችሁ በቦክስ እንደምናውቀው እጅ ሰጠ ማለት ይሆናል፤ ተቃራኒው ነው። ኮፕ በ1996 የንግድ ምልክቱን መብት ለአሌጌኒ ቫሊ ትምህርት ቤት ሰጠ፤ የአእምሮና የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች የሚያገለግል ተቋም ነው። ከፎጣው ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ለዚያ ይውላል።

ሜዳ ዳር፦
ሁለት ደንቦችን ልጨምር፤ ሲምታቱ ስለማይ። «የሜል ብላውንት ደንብ» የ1978 የጨዋታ ደንብ ነው፤ ተከላካይ ኳስ ተቀባዩን ከ5 ያርድ በኋላ እንዳይገፋ ይከለክላል። ብላውንት በዚህ እጅግ የተዋጣለት ስለነበር በስሙ ተጠራ። «የሩኒ ደንብ» ግን ከሜዳ ውጭ ነው። ደንቡ በ2003 ሲጸድቅ፣ ዋና አሰልጣኝ የሚፈልግ ክለብ ቢያንስ አንድ ከአናሳ ወገን ለሆነ ዕጩ ቃለ መጠይቅ እንዲያደርግ ያስገድድ ነበር። ማነጋገርን እንጂ መቅጠርን አያስገድድም፤ «ጥቁር አሰልጣኝ መቅጠር ግዴታ የሆነበት» ብሎ መተርጎም ፈጽሞ ስሕተት ነው። ሩኒ የተባሉት መሥራቹ አርት ሳይሆኑ ልጃቸው ዳን ናቸው።

ነቁጥ፦
የመጨረሻ፦ «ስቲለርሶች» ይባላል?

ሰዋስው፦
ባይባል ይሻላል። በስሙ መጨረሻ ያለው «ስ» ራሱ የብዙ ቁጥር ነው፤ «ኦች» ሲጨመር ድርብ ይሆናል። ቡድኑን ስትሉ «ስቲለርስ አሸነፈ» በነጠላ፤ ተጫዋቾቹን ስትሉ «የስቲለርስ ልጆች አሸነፉ»። አንዱን ተጫዋች ለይታችሁ ስትጠሩ ደግሞ «የስቲለርሱ ላምበርት» በሉ።