ብዙ ሰው ፊት ስቆም ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚስፋፋው እምቦጭ አረም ለገበሬዎችና ለዓሣ አስጋሪዎች ማስረዳት ነው። አረሙ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ነው። ጉዳዩ ያንገበግበኛል።

ሁለት ሦስት ሰው ሲሆን ችግር የለብኝም። ጀልባ ላይ ቁጭ ብለን፣ አረሙ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ እንደሚቆይ ዘና ብዬ አወራለሁ። አዳራሽ ስገባ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ ትክ ብለው ሲያዩኝ ልቤ ይመታል፣ አፌ ይደርቃል፣ ንግግሬ ይፈጥናል።

ሰው ሲፈራ ሰውነቱ የሚያመነጨው የአድሬናሊን ሆርሞን ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አላረጋጋኝም። ከመጀመሬ በፊት ቀስ ብሎ አየር ማስወጣት ትንሽ ይረዳኛል። ሙሉውን መሸምደድ አልሠራልኝም። አንድ ቃል ካመለጠኝ ሁሉም ይበተናል። አሁን ዋና ዋናውን ብቻ ብጣሽ ወረቀት ላይ እይዛለሁ፤ ይሄ ይሻላል።

የከበደኝ ሌላ ነው። መሃል ላይ አንድ አባት ይነሡና «ልጄ፣ እኛ በእጃችን ስንነቅል ዘመን አለፈ፤ መፍትሔው መቼ ነው?» ይሉኛል። ጥያቄያቸው ልክ ነው። ክብራቸውን ጠብቄ መልሼ ወደ ጀመርኩት ሐሳብ መመለስ ግን አቃተኝ።

አስተማሪዎች፣ ሰባኪዎች፣ አስጎብኚዎች ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ሲያቋርጧችሁ ምን ብላችሁ ትመለሳላችሁ? የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎችስ እንዴት ታልፏቸዋላችሁ? በሚቀጥለው ሳምንት ፎገራ ላይ ስብሰባ አለብኝ።