ወንድማማቾችን በአንድ ቡድን ማስፈረም ይገባል ወይ? (ክርክር)

አወያይ፣ ከቶሮንቶ፦

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ አንድ የበረዶ ሆኪ ቡድን ወንድማማቾች አብረው እንዲጫወቱ ብሎ ማስፈረም ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ነው። ነገሩን ያስነሣው የሂዩዝ ቤት ጉዳይ ነው። ጃክ ሂዩዝ በ2019 በድራፍቱ (የሊጉ ቡድኖች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) 1ኛ፣ ታናሹ ሉክ ደግሞ በ2021 4ኛ ሆነው በኒው ጀርሲ ዴቭልስ ተመርጠው ዛሬ አብረው ይጫወታሉ። የሁለቱ ታላቅ ኩዊን የቫንኩቨር ካናክስ አምበል ነበር። የቫንኩቨር የሆኪ ፕሬዚዳንት ጂም ራዘርፎርድ በ2025 ጸደይ ኩዊን ከወንድሞቹ ጋር መጫወት እንደሚፈልግ ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናገሩ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኩዊን እውነትም ተዛወረ፤ የሄደው ግን ወደ ሚኒሶታ ዋይልድ ነው። ውሉ በ2027 ስለሚያበቃ ኒው ጀርሲ ሦስተኛውን ወንድም ያምጣ ወይስ ይተወው የሚለው ጉዳይ እንደገና መነሣቱ አይቀርም። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንድትጽፉ፣ ከጉዳዩም እንዳትወጡ አደራ እላለሁ።

ከኒው ጀርሲ፦

እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ይህን አቋም ያስያዘኝም ቁጭት ነው። በ2003 የሊጉ ሻምፒዮን በሚወስደው በስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ የእኛ ተከላካይ ስኮት ኒደርማየር ከአናሃይሙ አጥቂ ከወንድሙ ከሮብ ጋር ተፋጠጠ። እናታቸው፣ ስኮት ከዚያ በፊት ዋንጫ ስላነሣ ይህ ለሮብ ቢሆንለት እንደምትመርጥ በአደባባይ ተናገረች። ዋንጫውን ግን በ7ኛው ጨዋታ እኛ ወሰድነው። በ2005 ክረምት ስኮት ውሉን ጨርሶ ነጻ ሲወጣ፣ ሦስት ዋንጫ ያነሣበትን ቡድን ብቻ ሳይሆን ከተማውንም ሁሉ ትቶ አናሃይም ሄደና ለ4 ዓመት በ27 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በ2007 አናሃይም ኦታዋን አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሣ፣ አምበሉ ስኮት ከሊጉ ኮሚሽነር እጅ ተቀብሎ መጀመሪያ ያስጨበጠው ሮብን ነው። ያን ምሽት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የቡድኔ ሰው ባይሆንም ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሥጋ ዝምድናን ከቁጥር ውጪ አድርጎ ቡድን እገነባለሁ የሚል ሥራ አስኪያጅ ሳይ፣ ነገ አንድ ቀን ሌላ ሰው በዚያው ዝምድና ተጫዋቹን እንደሚነጥቀው አስባለሁ።

ከሚኒያፖሊስ፦

ጋሼ፣ ቁጭትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ያቀረቡት ማስረጃ የሚመሰክረው ለእኔ ወገን ነው። አናሃይም ስኮትን ያስፈረመው የሮብ ወንድም ስለሆነ አይደለም፤ በ2004 የኖሪስን ሽልማት የወሰደ፣ ማለትም የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የተባለ ሰው ገበያ ላይ ስለወጣ ነው። ወንድምነቱ ለስኮት ማባበያ ሆነ እንጂ ለቡድኑ ምክንያት አልሆነም። ስኮት ወንድም ባይኖረው ኖሮ አናሃይም አይፈልገውም ነበር ለማለት ይደፍራሉ?

ምክንያት የሆነ ዕለት ምን እንደሚመስል የስታል ቤት ያሳየናል። ኤሪክ ስታል የካሮላይና ሃሪኬንስ አምበል ነበር፤ ታናሹ ጆርዳን ደግሞ በፒትስበርግ ፔንግዊንስ ከሲድኒ ክሮስቢና ከየቭጌኒ ማልኪን ቀጥሎ ሦስተኛው የመሀል አጥቂ ነበር። በ2012 ፒትስበርግ የ10 ዓመት ውል ቢያቀርብለት አልቀበልም አለ። ጁን 22 ቀን፣ ጆርዳን በሚሞሸርበት በዚያው ዕለት፣ ካሮላይና ብራንደን ሰተርን፣ ብራያን ደሞሊንንና በዚያው ምሽት በድራፍቱ 8ኛ ሆኖ የመምረጥ ዕጣ ሰጥቶ ወሰደው፤ ብዙም ሳይቆይ የ10 ዓመት የ60 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው። በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል ላይ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ጃሬድም ከታችኛው ሊግ ተጠርቶ ሦስቱ በአንድ ጨዋታ ተሰለፉ። ፎቶው የሚያምር ነበር፤ ጃሬድ ግን በዋናው ሊግ በኤንኤችኤል የተጫወተው በጠቅላላው 2 ጨዋታ ብቻ ነው። ኤሪክና ጆርዳን አብረው በቆዩበት ዘመን ሁሉ ካሮላይና አንድ ጊዜ እንኳ ለጥሎ ማለፉ አልደረሰም፤ በፌብሩዋሪ 2016 ኤሪክ ለኒው ዮርክ ሬንጀርስ ተሰጠ። ለጆርዳን ሲባል የተሰጠው ደሞሊን በ2016 እና በ2017 በተከታታይ ከፒትስበርግ ጋር ዋንጫ አነሣ። የካሮላይናን ውድቀት ሁሉ በሁለት ሰዎች ላይ መለጠፍ ግፍ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ የምለው፣ ወንድማማቾችን ለማገናኘት የተከፈለው ዋጋ በወንድማማቾቹ ፊት ላይ ሳይሆን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሰው እጅ ላይ ዋንጫ ሆኖ ታየ ነው።

ከስቶክሆልም፦

ስለ ወንድማማቾችና ስለ ሆኪ እየተጻፈ የሴዲን መንትዮች እስካሁን አለመነሣታቸው ገርሞኛል። ዳንኤልና ሄንሪክ ሴዲን የተወለዱት በሰሜናዊ ስዊድን በኧርንሸልድስቪክ ሲሆን በዚያው ከተማ ክለብ በሞዶ አብረው አደጉ። በ1999 ድራፍት ሲደርስ የቫንኩቨሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ ብራያን በርክ ሁለቱንም ካልወሰድሁ አለ። በእጁ የነበረው የ3ኛው ዕጣ ብቻ ነው። ተከላካዩን ብራያን መኬብንና የቀጣዩን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ዕጣ ለቺካጎ ሰጥቶ 4ኛውን ያዘ፤ 4ኛውን ከሌላ ጭማሪ ጋር ለታምፓ ቤይ ሰጥቶ 1ኛውን ወሰደ፤ 1ኛውንም መንትዮቹን እንዳይነካበት ተስማምቶ ለአትላንታ ሰጥቶ 2ኛውን ተቀበለ። ዳንኤል 2ኛ፣ ሄንሪክ 3ኛ ተጠሩ፤ ማልያቸውም 22 እና 33 ሆነ።

እነርሱ ሲጫወቱ ያየ ሰው የምለውን ይረዳል። ሄንሪክ ከግቡ በስተጀርባ ጥግ ላይ ሆኖ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ፓኩን (የሆኪን ጠፍጣፋ ኳስ) ይገፋታል፤ የምትሄደው ማንም ወደሌለበት ቦታ ነው፤ ቀና ስትሉ ዳንኤል እዚያ ቆሟል። ዞሮ ሲመለከት አላየነውም። ይህ ለሁለት ዓመት አብሮ በመለማመድ የሚመጣ ነገር አይደለም። በ2010 ሄንሪክ በ112 ነጥብ፣ በ2011 ዳንኤል በ104 ነጥብ የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስመዝጋቢዎች ሆኑ (ነጥብ የሚባለው ተጫዋቹ ያገባውና ለግብ ያቀበለው ድምር ነው)፤ በ2022 አብረው ወደ ሆኪ የዝና አዳራሽ ገቡ። በርክ አንዱን ብቻ ወስዶ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ሳይሆን ከግማሹ ያነሰውን ያገኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሚኒያፖሊስ፦

እኅቴ፣ ስለ ጨዋታቸው ውበት አልከራከርም። ነገር ግን ሄንሪክ 112 ነጥብ ባስመዘገበበት በዚያ የውድድር ዘመን ዳንኤል እግሩ ተሰብሮ ብዙ ጨዋታ አልተሰለፈም። ሄንሪክ ያለ ወንድሙም ነጥቡን መልቀም አላቆመም። «ከግማሽ ያነሰ» የሚለው ግምትዎ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ሌላው ነገር የድርድሩ ጉዳይ ነው። በ2009 የሁለቱ ውል ሲያበቃ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ማይክ ጊሊስ ራሱ ስዊድን ድረስ በርሮ እያንዳንዳቸውን ለ5 ዓመት በ30.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረማቸው፤ በ2013 ደግሞ እንደገና እኩል፣ እያንዳንዳቸው ለ4 ዓመት በ28 ሚሊዮን። መንትዮቹ ጨዋዎች ስለሆኑ ቡድኑን አላስጨነቁም። ግን አስቡት፦ አንዱ ጠረጴዛውን ረግጦ ቢነሣ ሥራ አስኪያጁ በአንድ ቀን ሁለት ኮከብ ያጣል። የደመወዝ ጣሪያ ባለበት፣ ማለትም ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ በተወሰነበት ሊግ እንዲህ ያለ ጫና በገዛ እጅ መጫን ብልህነት አይመስለኝም።

ከካልጋሪ፦

ጉዳዩን ከላይ ከላይ ስትነጋገሩበት እኔ ከታች፣ ከልጆች ቡድን ያየሁትን ላንሣ። የ11 እና የ12 ዓመት ልጆቼ በአንድ ቡድን ይጫወታሉ። (አገር ቤት ላለችው እናቴ ሆኪን ያስረዳኋት የገና ጨዋታ በበረዶ ላይ ነው ብዬ ነው፤ እርሷም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብላ ሳቀች፤ የሆኪን ቡጢ አላየችማ።) ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ወጥተን፣ የበረዶ ጫማቸውን ማሰሪያ ጣቴ እስኪቀላ ድረስ እስባለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ አያለሁ። ታላቁ ፓኩን ሲይዝ ዓይኑ የሚፈልገው ታናሹን ነው። ባለፈው ወር አንድ ሌላ ልጅ ከግቡ ፊት ለፊት ብቻውን ቆሞ፣ ፓኩ እንዲሰጠው በዱላው በረዶውን ቋ ቋ ቋ እያደረገ ይመታል፤ ልጄ ግን በሦስት ተከላካዮች መካከል ለወንድሙ ሊያሾልክ ሞከረና ተነጠቀ። ያ ልጅ ወደ መቀመጫው ሲመለስ ፊቱን አየሁት። አሰልጣኙ በቀጣዩ ጨዋታ ልጆቼን በተለያየ መስመር አደረጋቸው፤ እኔም በልቤ አመሰገንሁት። ጥያቄዬ የሦስተኛው ሰው ጉዳይ ነው። በሆኪ አንድ የአጥቂ መስመር ሦስት ሰው ነው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ከሆኑ ሦስተኛው ምንድን ነው?

ከስቶክሆልም፦

ለዚህማ መልስ አለኝ። የሴዲኖች ሦስተኛ ሰው አሌክስ በሮውስ ነበር፤ በድራፍት ማንም ያልመረጠው፣ ከታችኛዎቹ ሊጎች እየተሻማ የወጣ ተጫዋች። ከመንትዮቹ ጋር በተሰለፈበት በ2009-10 የውድድር ዘመን 35 ግብ አገባ። ሦስተኛው ሰው እንግዳ የሚሆነው ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ብቻ ሲተያዩ ነው፤ ታላላቆቹ ግን ሌላውን ሰው ያሳድጋሉ። የልጆችዎ አሰልጣኝ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ በ12 ዓመት ይህን መጠበቅ አይቻልም።

ከካልጋሪ፦

መልካም፤ በሮውስን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ከዚህ ከአጠገባችን፣ ከሳስካቸዋን የወጡትን የቤንትሊ ወንድማማቾች ደግሞ አስታውሱ። ዳግና ማክስ ቤንትሊ በ1940ዎቹ ለቺካጎ አብረው ሲጫወቱ ሊጉን ያስጨነቁ አጥቂዎች ነበሩ፤ ዋንጫ ግን አላገኙም። በኖቬምበር 1947 ቺካጎ ማክስን ለቶሮንቶ ሰጥቶ በምትኩ አምስት ተጫዋቾች ተቀበለ። ማክስ በቶሮንቶ በ1948፣ በ1949 እና በ1951 ሦስት ጊዜ ዋንጫ አነሣ፤ ቺካጎ የቀረው ዳግ አንድም ጊዜ አላነሣም። አብሮ መሆን ለወንድማማቾቹ ደስታ፣ ለቡድኑም ገቢ ያመጣ ይሆናል፤ ለዋንጫ ግን ዋስትና አይሆንም።

ከኒው ጀርሲ፦

ዋስትና ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። የሞንትሪያሎቹ ሞሪስና ሄንሪ ሪሻር ከ1956 እስከ 1960 አምስት ተከታታይ ዋንጫ አብረው ማንሣታቸውን ብጠቅስ፣ ያ ቡድን ያለ ወንድማማቾቹም ብርቱ ነበር እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እውነታችሁንም ነው። ስለዚህ ወደ ሌላ ቤት ልሂድ። በኦገስት 1980 የብራቲስላቫ ተጫዋቾች የነበሩት ፒተርና አንቶን ሽታስትኒ ለውድድር ከሄዱበት ከኢንስብሩክ፣ ከቼኮስሎቫኪያ መንግሥት አምልጠው በኩቤክ ኖርዲክስ ሰዎች እርዳታ ካናዳ ገቡ። ታላቃቸው ማሪያን ሚስትና ልጆች ስለነበሩት በቼኮስሎቫኪያ ቀረ፤ መንግሥትም እንዳይጫወት ከለከለው። በ1981 እርሱም ከነቤተሰቡ ወጥቶ ሦስቱ በአንድ ማልያ ተገናኙ። በዚያ መካከል፣ በፌብሩዋሪ 1981 ዋሺንግተን ላይ በተደረገ አንድ ጨዋታ ፒተርና አንቶን እያንዳንዳቸው 8 ነጥብ አስመዝግበው ነበር። ኩቤክ አንዱን ብቻ ና ብትለው ኖሮ ይመጣ ነበር ብላችሁ ታስባላችሁ? ወንድምን ትቶ አገር ማቋረጥ ምን እንደሆነ ከመካከላችን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የምለው ይህ ነው፦ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱን ማስፈረም አንዱን ለማስፈረም ብቸኛው መንገድ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦

ይህን ነጥብ ያለ ምንም ማንገራገር እቀበላለሁ፤ ከእስካሁኑ ሁሉ ጠንካራው እርሱ ነው። የእኔ መመዘኛ ግን ባለበት ይቆማል፦ ሥራ አስኪያጁ የሁለተኛውን ወንድም ስም ከወረቀቱ ላይ ሸፍኖ፣ በቀረው ቁጥርና ዕድሜ ብቻ ያንኑ ገንዘብ ይከፍል እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። ሽታስትኒዎችም ሴዲኖችም ይህን ፈተና ያልፋሉ። ጃሬድ ስታል አያልፍም።

ኩዊን ሂዩዝ? በ2024 የኖሪስ ተሸላሚ ነው፤ ስሙን ብንሸፍነው ማንም ይከፍልበታል። የእኔ ከተማ ቡድንም ማርኮ ሮሲን፣ ዚቭ ቡየምን፣ ሊያም ኧግሬንንና የመጀመሪያ ዙር ዕጣ የከፈለበት ለዚሁ ነው፤ ወንድም ሳይኖረው። ጋሼ፣ የእርስዎ ቡድን ችግር ሌላ ነው። ጃክ በዓመት 8 ሚሊዮን፣ ሉክ በ2025 በፈረመው የ7 ዓመት ውል በዓመት 9 ሚሊዮን ይወስዳሉ፤ ጣሪያው በ2027-28 ወደ 113.5 ሚሊዮን ከፍ ቢልም ኩዊን ከሁለቱም በላይ ቢጠይቅ የሚፈርድበት የለም። ከገንዘቡም በላይ፣ ኩዊንም ሉክም በግራ እጅ የሚመቱ፣ በግራ በኩል የሚከላከሉ፣ ቡድኑ የቁጥር ብልጫ ሲያገኝ ጥቃቱን ከኋላ ሆነው የሚመሩ ተጫዋቾች ናቸው። ሁለቱም አንዱን ወንበር ይፈልጋሉ። ታናሹ በታላቁ መምጣት ምክንያት ወንበሩን ቢለቅ፣ ያን ጊዜ ወንድምነቱ ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት?

ከኒው ጀርሲ፦

ሉክ በቀኝ በኩልም ተሰልፎ ያውቃል፤ የማይቻል ነገር አድርገው አያቅርቡት። ነገር ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። በግራ የሚመታ ተከላካይ በቀኝ ሲሰለፍ፣ በጥጉ አጥር በኩል የሚመጣለትን ፓክ በዱላው ጀርባ መቀበል አለበት፤ አጥቂ እየተወረወረበት ያንን በየምሽቱ ማድረግ ቀላል አይደለም፤ የሚጎዳውም በዕድሜ ትንሹ ነው። ስለዚህ አቋሜን እንዲህ ላስተካክል፦ ቡድኔ በ2027 ለኩዊን ስልክ ከመደወሉ በፊት ሉክን ለብቻው አስቀምጦ፣ ጃክም ወላጆቹም በሌሉበት ይጠይቀው። ሉክ ከልቡ እሺ ካለ ኩዊንን ያምጡት፤ ካላለ ግን እኔም ድምፄን ከእርስዎ ጋር እሰጣለሁ።

ከሚኒያፖሊስ፦

ሉክ እንቢ ቢል፣ እንቢ ማለቱን ለኩዊን የሚነግረው ማን ነው?