ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ባለበት አካባቢ ዶሮን እየለቀቁ ማርባት

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ከዓባይ ዳር ቁጥቋጦ በበዛበት ግቢዬ 26 የሐበሻ ዶሮዎችንና ሳሶ የሚባሉ ጥቂት የውጭ ዝርያ ዶሮዎችን እየለቀቅሁ አረባለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ዘጠኝ ጫጩት ጭልፊት ነጥቆብኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሩ እንደተዘጋ አንድ አውሬ ሌሊት ገብቶ ሦስት ቄቦችን ገደለ፤ የአንዷን አንገት ብቻ በልቶ ሁለቱን እዚያው ጥሏቸው ሄደ። ዘግቼ እንዳላረባቸው የመኖው ዋጋ አይቀመስም። ጎረቤቶቼ በሥጋ መርዝ አድርጌ እንዳስቀምጥ ይመክሩኛል፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ምላሽ፦
እባክዎን መርዙን ይተዉት። የተመረዘውን ሥጋ የሰፈር ውሻ ይበላዋል፣ የሞተውን ውሻ ደግሞ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፤ አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ሲመዘገቡ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነበር። የሌሊቱ ገዳይ ሸለምጥማጥ ይመስለኛል። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ በሾለከበት ሁሉ ሰውነቱን ያሾልካልና በሩን ትተው ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበትን ይፈትሹ፤ እኔ መግቢያውን ያገኘሁት ከቆርቆሮው ሥር፣ ወራጁ ላይ ተጣብቆ በቀረ ጸጉር ነው። ክፍተቱን ቀዳዳው ከጣት በማይሰፋ ጠንካራ ሽቦ ይድፈኑት፤ ባለ ስድስት ጎኑ ስስ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ያግድ ይሆናል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አያግድም። ከመሬቱም በታች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩት።

ሌላ ምላሽ፦
ስለ ጭልፊቱ እኔ ልጨምር። ጭልፊት ገላጣ ሜዳ ይወዳል፣ ቀበሮ ደግሞ ጥሻ፤ ስለዚህ ከአጥሩ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ መንጥረው፣ ከግቢው መካከል ያለውን ጌሾና ግራዋ ግን ዶሮዎቹ ሮጠው የሚገቡበት ጥላ እንዲሆን ይተዉት። ጫጩቶችን ሁለት ወር እስኪሞላቸው ከእናታቸው ጋር በመረብ ሥር አቆያቸዋለሁ፤ መረቡም ከጣና ዓሣ አስጋሪዎች የገዛሁት አሮጌ መረብ ሲሆን፣ ወፍ እንዳይጠላለፍበት አጥብቄ ወጥሬዋለሁ። አውራ ዶሮዎንም ለበዓል ብለው አይሽጡት። የእኔው አንገቱን አጋድሞ በአንድ ዓይኑ ሰማዩን ያያል፤ ጭልፊት ሲያይ የሚያሰማው ድምፅ ውሻ ሲያይ ከሚያሰማው ይለያል፣ ዶሮዎቹም ለይተው ያውቁታል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክፍተቱን ከጣሪያው ሥር አገኘሁት፤ ሁለት ጣት አስገብቼ ለክቼዋለሁ፣ ነገ ይደፈናል። የቀረኝ ችግር ሳሶዎቹ ሲመሽ ቤት አልገባ ብለው ዘይቱን ዛፉ ላይ መስፈራቸው ነው።

ምላሽ፦
አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይለቋቸው ቤት ውስጥ ያቆዩአቸው፤ ቆጡን ይለምዱታል። ከዚያ በኋላ የቀኑን ማሽላ ጠዋት ሳይሆን 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጣሳ እያንኳኩ ቤት ውስጥ ብቻ ይስጧቸው። ጠዋትም ከሦስት ሰዓት በፊት አይልቀቋቸው፤ እኔ ጎህ ሲቀድ እለቅ በነበረበት ጊዜ ቀበሮ ያገኛቸው የነበረው በዚያው ሰዓት ነው።