ስለ ጂሚ ካርተር የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጉባኤው የምናቀርበው የመታሰቢያ ምሽት ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦ «ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1924 በጆርጂያ ግዛት ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ኦቾሎኒ ያመርት ነበር። በባሕር ኃይል አገለገሉ። በ1953 አባታቸው ሲሞቱ ወደ እርሻው ተመለሱ። ከዚያ የጆርጂያ አገረ ገዥ፣ ከ1977 እስከ 1981 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኑ።» ቀጥሎ ግብፅንና እስራኤልን ያስማማው የካምፕ ዴቪድ ስምምነትና ቴህራን ውስጥ የተያዙት የአሜሪካ ታጋቾች ጉዳይ አለ። ሳትራሩ አርሙኝ።

የጤና ባለሙያዋ፦
እጅህን ይባርክ፣ ግን የሥራ ማመልከቻ ላይ የሚያያዝ የሕይወት ታሪክ መሰለ። ሰውየው በምርጫ በሬጋን ተሸንፈው ወደ ፕሌንስ ሲመለሱ 56 ዓመታቸው ነበር። የሞቱት በ100 ዓመታቸው፣ በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ላይ ነው። ትልቁ ታሪክ መሀል ላይ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር ካርተር ሴንተር የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። እኔ ብሆን ድርጅቱ ሊያጠፋው ከተነሣው የትል በሽታ፣ ከጊኒ ዎርም እጀምራለሁ።

በ1986 በዓመት 3.5 ሚሊዮን ሰው ገደማ ይይዘው ነበር፣ በ21 አገሮች። በ2024 የተመዘገበው 15 ሰው ነው። መድኃኒት የለው፣ ክትባት የለው! ሰው የኩሬ ውሃ ሲጠጣ እጩን የተሸከሙ ደቃቅ ነፍሳት አብረው ይገባሉ። ከዓመት በኋላ እስከ 1 ሜትር የሚረዝም ትል ቆዳ በስቶ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ በእግር በኩል። ቀስ እያሉ እንጨት ላይ ይጠቀልሉታል፣ በቀን ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ። ከተበጠሰ ጣጣው ብዙ ነው። ያቃጥላልና ሰውየው እግሩን ኩሬ ውስጥ ይነክራል፤ ትሉም እጮቹን እዚያው ይረጫል። ቀጣዩ ሰው ደግሞ ይጠጣል።

መላው ምን መሰላችሁ? ማጥለያ ጨርቅ። ለእረኛና ለመንገደኛ ደግሞ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ማጥለያ ያለው ቀጭን ቱቦ። ቱቦውን ፈልጌ አመጣለሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከፎቶ ይልቅ እሱ ይናገራል። በእኛ አገር ጋምቤላ ውስጥ ውሾችና ዝንጀሮዎች ላይም ስለተገኘ ሥራው አላለቀም፤ ይህም ይጻፍ።

የጎጃሙ አባል፦
ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታም ይግባ በሉ። የእናቴ እናት ወረንጦ ከአንገቷ አይለይም ነበር። የዓይኗ ፀጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ ሲወጋት በር ላይ ትቀመጥና እየነቀለች ትውላለች። ካርተር ሴንተር ላየንስ ክለብ ከተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ጋር ሆኖ አማራ ክልል ውስጥ የሠራው ይኼን ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብ፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር። ሽንት ቤቱ የገባው በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ስለምትራባ ነው። ሴቶቹ ግን ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ቀን ሜዳ መውጣት ነውር ስለሆነ እስኪመሽ ይታገሡ ነበር። ካርተር ራሳቸው «ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቅሁት በሽንት ቤት ነው» በሚል ዓይነት ይቀልዱ እንደነበር አትርሱ።

ሒሳብ ያዥ፦
ቤት ለሌላቸው ሰዎች መዶሻ ይዘው ቤት ሲሠሩ የሚያሳይ ፎቶም አለ። እ.ኤ.አ. የ2002ቱ የኖቤል የሰላም ሽልማት አንድ መስመር ይበቃዋል። አዳራሽ ግን አንድ ብቻ ነው የምችለው፣ አደራ።

አንጋፋው አባል፦
ልጆች፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ጻድቅ አድርጋችሁ እንዳትስሏቸው። እኔ በእኛ አቆጣጠር የ1969ኙን አስታውሳለሁ። የካቲት ላይ አስተዳደራቸው በሰብአዊ መብት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ ርዳታ መቀነሱን አስታወቀ። ደርግም ሚያዝያ ላይ አስመራ የነበረውን የአሜሪካኖቹን የቃኘው ወታደራዊ ጣቢያ ዘጋ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገባ። ያኔ የተዋጋ ሰው ካርተርን ሲያነሣ የሚናገረው ሌላ ነው። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ መንግሥትንና ሻዕቢያን አትላንታ፣ ቀጥሎም ናይሮቢ አገናኝተው አነጋገሩ፤ አልተሳካም። ምርጫ 97ንም ሊታዘቡ መጥተው የሰጡት አስተያየት እስከ ዛሬ የሚያበሳጨው ሰው አለ። አዳራሹ ውስጥ አንዱ ተነሥቶ ከሚጠይቀን ቀድመን እንጻፈው።

የጤና ባለሙያዋ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት። እንዲያውም እርስዎ ይናገሩት።

አንጋፋው አባል፦
10 ደቂቃ ከሰጣችሁኝ። ማይክ ግን አትንጠቁኝ።

ጸሐፊ፦
ይሁን። እንግዲህ መግቢያዬን ቆርጬ ጣልኩት። አዲሱ መክፈቻ ይኸው፦ «ማኅበራችን የጂሚ ካርተርን ሥራ በማጥለያ ቱቦና በወረንጦ ሊያሳይ ያስባል። ምሽቱ በአገራችን ያገዙትንም፣ ያከራከሩበትንም ያነሣል።» የልጅነታቸው ነገር 3 መስመር ሆኗል። ኖቤሉ ሒሳብ ያዣችን እንዳለው ነው።

ቱቦውን አመጣለሁ ያልሽው እህታችን፣ እስከ ሐሙስ አሳውቂኝ። ካልተገኘ የአያትን ወረንጦ እንለምናለን። እቤት አለ አይደል?

የጎጃሙ አባል፦
አለ። እናቴን ላስፈቅዳት።